እሳት የማይነካው ትራስ

ጥር 6

ይድረስ ለእታለም፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? በጋሼ የሥራ ጓደኛ በቀጮ ሚስት በኩል «ይበላል ወይ? ይተኛል ወይ? ትምህርቱንስ?» ብለሽ ለላክሽው መልሱ ይኸውልሽ። እበላለሁ፤ እማዬ የእኔንም የጋሼንም ድርሻ ስለምታቀርብልኝ እንዲያውም ወፍሬያለሁ። እተኛለሁ። ስለ ትምህርቱ የምነግርሽ ጉድ አለ፤ ግን ተራውን ይጠብቅ።

ይቅርታ ይቀድማል። «አትደውልልኝ፣ ድምፅህ የወንድምህ ነው፣ አልችልም» ስላልሽኝ አልደወልኩም። ድምፄ አምና ጎርንኖ እዚያው ቀረ፤ ወንድማማች ነን፣ ምን ላድርግ? እማዬ እንኳ ከበር ላይ ስጠራት እጇ ላይ ያለው ሁሉ ይወድቃል። በዚህ ሁለት ወር ሦስት ብርጭቆ ሰብረናል።

ሌላም ይቅርታ አለኝ። በቀብሩ ማግስት እማዬ በጎረቤት ፊት «ልጄን ያለ ዘር ያስቀረሽው አንቺ ነሽ፣ አምስት ዓመት ቤቱን ዘግተሽ ኖርሽ» ስትልሽ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ከዚያ ሻንጣሽን እስከ አውቶቡሱ ተሸከምኩ። ሻንጣ ተሸክሞ ዝም ማለት ምን ዓይነት እርዳታ ነው? እስካሁን ያሳፍረኛል።

አሁን ጉዱን ስሚ! የባዮሎጂ መምህርታችን ለሳይንስ ቀን «በሠፈራችሁ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ይዛችሁ ኑ» አሉን። እኔ ምንም አልነበረኝም። ባለፈው ሳምንት ግን የጋሼን የልብስ ሳጥን ቁልፍ ልመልስ ይሠራበት ወደነበረው ሶፋ ፋብሪካ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ነበር። ስፖንጅ ቆራጮቹ እንደምታውቂው በስፖንጁ ላይ ተደርድረው ይበላሉ፤ ፀጉራቸው፣ ቅንድባቸው፣ ዳቧቸው ሳይቀር በዚያ ስፖንጁን ከእሳት በሚከላከለው ዱቄት ነጥቷል። ሼባው ሲያየኝ «ና ግባ! እዚህ ቤት የአጎት እጥረት የለብንም፣ የአባት እንጂ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ብስክሌቴን ይዤ ስወጣ ግን መንገዱ መሃል ላይ ቆምኩ። ባለ ታክሲው ሰደበኝ። ጋሼን ጨምሮ ቆራጮቹ ሰባት ናቸው፤ ስድስቱ አግብተዋል። ልጅ ያለው ሼባው ብቻ ነው፤ የመጨረሻ ልጁ ደግሞ እሱ እዚያ ሳይቀጠር የተወለደ ነው! ተመልሼ ፎቅ ላይ ወጣሁ፣ ጨርቅ ሰፊዎቹ ዘንድ። እዚያ ዱቄት የለም። ስድስት ወንዶች ናቸው፤ ስንት ልጅ አላቸው መሰለሽ? አስራ አምስት! እዚያው ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

እታለም፣ አንቺና ጋሼ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ?

ያንቺው መርማሪ

&nbsp;

ጥር 18

ለመርማሪው፣

ደብዳቤህን ስፌት ላይ ሆኜ አነበብኩት፤ ከእህቴ ጋር የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሳላስበው አንዱን ኪስ ገልብጬ ሰፋሁት። የተማሪው እናት ስትመጣ ያንተን ስም ነው የምሰጣት።

ስለ ሻንጣው አታንሳብኝ። አንተ ባትሸከመው እዚያው ጥዬው እሄድ ነበር። ዝም ማለትህንም አውቀዋለሁ፤ አፍህን ብትከፍት ታለቅስ ነበር፤ አንተ ብታለቅስ ደግሞ እኔ አልሳፈርም ነበር።

ግን አንተ ልጅ፣ ደብተር ይዘህ ትልልቅ ሰው «ስንት ልጅ አለህ? ለምን የለህም?» እያልክ ትዞራለህ? የፋብሪካው ባለቤት ጆሮህን ይዞ ቢያወጣህ አልፈርድበትም። ወንድምህ መርማሪው ያለህ የስድስት ዓመት ልጅ ሆነህ የቤቱን ሬዲዮ ፈትተህ «ሰውየው የት ነው?» ስትል ነው። ያን ጊዜ ሬዲዮ ነበር። ይሄ የሰው ሆድ ነው፤ ሲፈታ እንደ ሬዲዮ አይገጠምም።

በደንብ ብላ። እማማን ሰላም በልልኝ፤ ካልፈለጉ አትበልልኝ።

እታለም

&nbsp;

የካቲት 2

ውድ እታለም፣

የጠየቅሁሽን ዘለልሽው! በሰባት መስመር ስለ ሬዲዮ፣ በዜሮ መስመር ስለ ሐኪም ቤት። ባለቤቱን በተመለከተ ያልሽው ደርሷል፤ ጆሮዬ እስካሁን ቀይ ነው። «እኔ ሶፋ ነው የምሸጠው፣ የልጅ ነገር ምን አገባኝ?» ብሎ እስከ በሩ ሸኘኝ። እኔ ግን ከመያዜ በፊት በባዶው የዱቄት ከረጢት ላይ ያለውን የኬሚካሉን ስም ገልብጬ ነበር። ሁለት መስመር የሚሞላ ስም ነው! መምህርታችን ሲያዩት መነጽራቸውን አስተካከሉ። በማግስቱ አንድ ክምር ወረቀት አትመው አመጡልኝ።

የገባኝን ልንገርሽ። በደማችን ውስጥ መልእክተኞች አሉ፤ ሆርሞን ይባላሉ። አንዱን ክፍል «ሥራ»፣ ሌላውን «አቁም» እያሉ ይዞራሉ። ከእነዚህ እሳት መከላከያ ኬሚካሎች አንዳንዶቹ የመልእክተኛውን ልብስ ለብሰው የሚገቡ አስመሳዮች ናቸው ተብሎ ይጠረጠራል። ሰውነት ግራ ይጋባል። በአንዳንድ ጥናቶች ደማቸው ወይም የቤታቸው አቧራ ውስጥ ኬሚካሉ የበዛባቸው ወንዶች የዘራቸው ቁጥር አንሶ፣ መዋኘቱም ደክሞ ተገኝቷል። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ያን ያህል ልዩነት አላዩም። ይህን ክፍል ፊት ሳነብ፣ «የወንድ ዘር ዋና» የሚለው ላይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «ዋናተኞቹ መለያ ቁጥር አላቸው ወይ?» አለ። መምህርታችን አልሳቁም። «ሰባት ሰው ማስረጃ አይሆንም» አሉኝ፤ «ጥያቄ ግን ይሆናል። በጥያቄህ ላይ ቁም።»

ዱቄቱ በዋናነት የሚገባው በእጅና በአፍ ነው፤ በአቧራ። ምሳቸውን አስቢው!

ከዚያ ትራሴን አስታወስኩ። ጋሼ ከቁርጥራጭ ስፖንጅ የሠራልኝን፣ አንቺ ሰማያዊ ልብስ የሰፋሽለትን። የሰጠኝ ቀን ክብሪት ጭሮ ላዩ ላይ ሲጥለው ትዝ ይልሻል? ክብሪቱ ጠፋ። «አየህ፣ እሳት የማይነካው ትራስ!» አለ። እማዬ በነጠላ ጫማ አባረረችው። የፋብሪካው ባለቤት ልጅ ለገዢ የሚያሳየውን ትርኢት ነበር ያሳየኝ። አሁን ጥቁር ካርቶን ዘርግቼ ትራሱን በጥፊ መታሁት። እታለም፣ ካርቶኑ ነጣ! በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ስናየው የተፈጨ ብርጭቆ ይመስላል። ምን እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ማወቅ አይቻልም፤ ግን እኔ ሦስት ዓመት የተኛሁበት ነው።

ሌላው ዜና መጥፎ ነው። የቀጮ እናት በዚህ ወር መጨረሻ ዘመድ ሰብስበው ሊመጡ ነው። «ሁለት ዓመት ጠበቅን፤ ወይ ትውለድ ወይ ትሂድ» ብለዋል። ሚስቱ ልብሷን ማጣጠፍ ጀምራለች። ቀጮ የጋሼ ጓደኛ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የቆረጡት፤ ከአንድ ከረጢት ነው የነጡት። እንዲመረመር ብለምነው «ወንድ ልጅ ምን ይመረመራል?» ይለኛል።

ስለዚህ አትዝለይኝ። ሄዳችኋል ወይስ አልሄዳችሁም?

መርማሪው

&nbsp;

የካቲት 12

መርማሪው፣

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል።

ሄደናል። አምና መጋቢት ላይ። ሐኪሙ የእኔን ወረቀት አይቶ «አንቺ ምንም የለብሽም» አለ። የወንድምህን ሲያይ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ሥራው ሲነግረው ዱቄቱን ከፀጉሩ ላይ በጣቱ አነሳና ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞት አየው። «ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ ልምልልህ አልችልም» አለው፤ «ግን ከአቧራው ውጣ። እጅህን ሳትታጠብ አትብላ። ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ፤ የወንድ ዘር በሁለት ወር ተኩል ገደማ ከአዲስ ይሠራል።»

ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን ያዘ፤ በሰው ፊት ይዞኝ አያውቅም ነበር። «እማዬ እንዳትሰማ። በእኔ ነው አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄደው» አለኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩት። ስለዚህ እማማ ሲናገሩኝ የነበረውን ሁሉ ዋጥኩ፤ ከባድ አልነበረም፤ የማውቀውን አውቅ ነበር።

ከባዱ ይሄኛው ነው። ከመቁረጫው ክፍል ለመውጣት ፋብሪካው ውስጥ የነበረው ክፍት ቦታ ሶፋ የሚያደርሰው የጭነት መኪና ላይ ብቻ ነበር። ወንድምህ አመነታ፤ «ጎንበስ ብሎ መቁረጥ ወገቤን አሳመመኝ» ብሎ ለባለቤቱ የነገረውም እኔ አስጠንቼው ነው። «መኪናው ላይ ውጣ» ያልኩት እኔ ነኝ። ግንቦት ላይ ወጣ። መስከረም ላይ መኪናው አደጋ የደረሰበት ያ መታጠፊያ።

እማማ «አንቺ ነሽ» ሲሉኝ ስለ ልጅ አልመሰለኝም። ስለ መኪናው መሰለኝ። ለዚህ ነው ያልመለስኩላቸው።

አሁን አወቅክ። ለማንም አትናገር። ለቀጮም።

እታለም

&nbsp;

የካቲት 19

እታለም፣ እታለም፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትምህርት ቤት ልሄድ ስል ነው። አልሄድኩም። ለእማዬ ሆዴን አመመኝ አልኳት።

የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ አንቺም የማታውቂው! ሐምሌ ላይ አንድ ቅዳሜ ጋሼ በመኪናው ይዞኝ ወጣ። ከኋላ፣ የተገለበጠ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከከተማ ስንወጣ ተነስቶ እጁን ዘረጋና «መርማሪው! አሽትት እስቲ! አየር ነው፣ ንጹሕ አየር! ሰባት ዓመት ሙሉ ዱቄት ሳስነጥስ እዚህ ላይ ይሄ ሁሉ ነበር?» እያለ ጮኸ። ሾፌሩ ሰው የወደቀ መስሎት አቆመ። ሳቅን፣ ሆዳችን እስኪያመን። ያን ጊዜ «መቁረጡን ለምን ተውከው?» ብዬ ጠየቅሁት። ምን አለ መሰለሽ? «ሚስቴ አዳነችኝ።»

ወገቡን መስሎኝ ነበር! አሁን ነው የገባኝ። በራሱ አፍ ነው ያለው፤ እኔ ነኝ የሰማሁት፤ እንደ ምስክር ፈርሜ እሰጥሻለሁ። መታጠፊያውን አንቺ አልሠራሽውም።

አሁን ደግሞ መርማሪ ልሁንና ልጠይቅ፤ አትቆጪኝ። ሐኪሙ ሦስት ወር ብሏል። ጋሼ መኪናው ላይ አራት ወር ሠርቷል። ሁለተኛውን ምርመራ አድርጓል ወይ? ካደረገ ውጤቱ የት ነው? ለቀጮ ከመቶ ወረቀት የሚበልጠው እሱ ነው! እናቱ ሊመጡ ዘጠኝ ቀን ቀርቷቸዋል። ጋሼን ያምነዋል፤ እኔን ግን በጣቱ ግንባሬን መትቶ ነው የሚያባርረኝ።

ካልፈቀድሽ አፌን እዘጋለሁ። ቃሌ ነው። ግን ፍቀጂልኝ።

ወንድምሽ

&nbsp;

የካቲት 24

መርማሪው፣

«ሚስቴ አዳነችኝ» ያለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ወረቀቱ በዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል።

ሁለተኛውን አድርጓል፤ ከአደጋው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ። ውጤቱ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። ፖስታውን ሳልከፍት ይዤው ወጣሁ፣ እዚህም የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከክር ጋር አኖርኩት። ካልተሻለ በከንቱ ነው የሞተው፤ ከተሻለ ደግሞ… ይሄንንም አልቻልኩትም። አምስት ወር ክር ባነሳሁ ቁጥር አየዋለሁ።

ትናንት በክር መቁረጫው ከፈትኩት። የመጀመሪያው የዘር ቁጥር በአንድ ሚሊ ሊትር አራት ሚሊዮን ነበር። ይሄኛው አስራ ሦስት ሚሊዮን ይላል። ሐኪሙ መደበኛው ከአስራ አምስት በላይ ነው ብሎን ነበር። ከታች በእጁ የጻፈውን ላንብብልህ፤ «የአንድ ሰው ለውጥ ብዙ አያረጋግጥም። ጅምሩ ግን ጥሩ ነው። ቀጥል።»

ቀጥል ይለዋል።

እህቴ ስትገባ ወለሉ ላይ ነበርኩ። እየሳቅሁ ነው እያለቀስኩ ነው አላወቀችም፤ እኔም አላወቅሁም።

ሁለቱንም ወረቀት ልኬልሃለሁ። ለቀጮ በእጁ ስጠው። ቃል የሰጠሁት ለሞተ ሰው ነው፤ የቀጮ ሚስት ግን በሕይወት አለች፤ ሻንጣ ስታዘጋጅ ምን እንደሚሰማት አውቃለሁ። ወንድምህ ቢኖር ራሱ እየሮጠ ይወስድለት ነበር።

እማማንም አሳያቸው። ወንድምህ «ካወቀች አንገቷን ትደፋለች» ብሎ ነበር የፈራው። እኔ ግን አንገታቸው ጠንካራ ይመስለኛል።

ፍጠን።

እታለም

&nbsp;

መጋቢት 11

ውድ እታለም!!

ከየት ልጀምር? ከቀጮ! ወረቀቶቹን የሰጠሁት ዘመዶቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። በቁሙ አነበበ፣ ተቀምጦ አነበበ፣ ከዚያ «ይሄ ሰውዬ ምሳ እየበላ አጠገቤ ተቀምጦ ይሄን ሁሉ ዋጠ?» አለ። ዘመዶቹ በተሰበሰቡበት ምን እንዳለ ሚስቱ ነግራኛለች። እናቱ ንግግር ሲጀምሩ ተነስቶ «እማዬ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይቁም። መጀመሪያ እኔ ልመርመር» አላቸው። ከዚያ አጎቱ «እኔስ ብመረመር?» አሉ፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው! ሁሉም በሳቅ ወደቁ፤ ሚስቱ ያጣጠፈችውን ልብስ መለሰች። ተመርምሯል። ውጤቱን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ ያስተማርሽኝን አልረሳሁም። ብቻ በማግስቱ ፎቅ ላይ ወጥቶ ስፌት ጀምሯል። ጣቱን ሁሉ ወግቶታል።

የፋብሪካው ባለቤት ስለ ዱቄቱ ሲነገረው መጀመሪያ ጮኸ። ነገር ግን ልጁ፣ ለገዢዎች ክብሪት የሚጭረው፣ በቅርቡ ሊያገባ ነው። በማግስቱ ዓይኑ ብቻ እስኪቀር ጭንብል አድርጎ መጣ! ከዚያ በኋላ አባትየው ምን ይበል? ቧንቧ ተተክሏል፣ ምሳ ከመቁረጫው ክፍል ወጥቷል። ሼባው እጁን ሲታጠብ «ለእኔ እንኳ አራት ይበቁኛል፣ ለሥርዓት ነው» ይላል።

መምህርታችን ከሃያ አስራ ስምንት ሰጡኝ። ሁለቱን የቀነሱት «ድምዳሜህ ከማስረጃህ ቀድሞ ሮጧል» ብለው ነው። ልክ ናቸው። ዱቄቱ ነው ብዬ መማል አልችልም። እጅ ታጠቡ ማለት ግን እችላለሁ።

ትራሱን አውጣው ብለውኛል። በፕላስቲክ አስሬ በረንዳ ላይ አስቀምጬዋለሁ። መጣል ግን አቃተኝ። ያለ ትራስ ነው የምተኛው። ጋሼ በእጁ የሠራው ሌላ ምንም የለኝም።

እማዬን መጨረሻ ላይ ያደረግኋት ሆን ብዬ ነው። ወረቀቶቹን አነበብኩላት፤ ያንቺንም ደብዳቤ። ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ስትመለስ እስክሪብቶዬን ጠየቀችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው፤ አላረምኩትም።

*ልጄ፣ ይህን የምጽፈው በእጄ ነው። የተናገርኩሽ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታዬም በሰው ፊት መሆን አለበት። ያን ቀን የነበሩ ጎረቤቶች አምስት ናቸው። ሦስቱ ቤት ሄጄ «ተሳስቻለሁ፣ በደሌ ነው» ብያለሁ። የልጄን ምስጢር አላወጣሁም። ሁለት ቤት ይቀረኛል። ስጨርስ እመጣለሁ። በርሽን ብትዘጊብኝ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ። አንገቴን አልደፋሁም፤ የደፋሁት ላንቺ ብቻ ነው።*

&nbsp;

መጋቢት 19

ለመርማሪው፣

ለእማማ እንዲህ በላቸው፤ የቀሩትን ሁለት ጎረቤቶች ይተዉና ይምጡ። የቤቴ በር እንደሆነ መዝጊያው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ልዝጋው ብልም አይዘጋም።

ስለ ትራሱ ስማኝ። አፍህንና አፍንጫህን ሸፍነህ፣ ውጭ ሆነህ፣ የልብሱን ስፌት በጥንቃቄ ፍታው። ስፖንጁ ይሂድ፤ እሱን የሠራው ፋብሪካው ነው። ሰማያዊው ልብስ የእኔ ነው፤ ሁለት ጊዜ እጠበው። ከዚያ የወንድምህን ቁም ሣጥን ክፈት። የሥራ ልብሱን አትንካ፤ ግራጫ ሹራቡንና ሁለቱን የእሁድ ሸሚዞች ውሰድ፣ አጣጥፈህ ሰማያዊው ልብስ ውስጥ ክተታቸው፣ እማማ አፉን ይስፉልህ። እሳት ይነካዋል። ይንካው፤ አንተ ክብሪት አታስጠጋው።

አሁን የመጨረሻው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደውልልኝ። ቁጥሩን ከታች ጽፌዋለሁ። «ሄሎ» ካልክ በኋላ ትንሽ ዝም ብል ተቋረጠ ብለህ እንዳትዘጋው። ዝም ብለህ ተናገር፤ ስለ ፈተናህ፣ ስለ ሼባው፣ ስለ ፈለግከው።

እየሰማሁህ ነው።

እታለም